የዙም ጥሪ እንዳይቆራረጥ፦ ባሕር ዳር ላይ የኢንተርኔት መዘግየትን የመቀነሻ መመሪያ

«ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» ስንል ብዙ ጊዜ ሁለት የተለያዩ ችግሮችን በአንድ ስም እየጠራን ነው። አንዱ የፍጥነት ችግር ነው፤ በሰከንድ ስንት ሜጋቢት ያልፋል? ሌላው የመዘግየት ነው፤ አንድ ፓኬት (በመስመሩ የሚላክ ትንሽ የመረጃ ቁራጭ) ሄዶ መልሱ እስኪመጣ ስንት ሚሊሰከንድ ይፈጃል? ፊልም ለማውረድ የመጀመሪያው ይበቃል። ውጭ አገር ካለ ልጅ ጋር በቪዲዮ ለማውራት፣ በዙም ለመማር ወይም ከቤት ሆኖ ለመሥራት ግን ሁለተኛው ይበልጣል።

ጣና ዳር ባሉ ሎጆችና የእንግዳ ማረፊያዎች፣ ፔዳና ፖሊ በሚባሉት የዩኒቨርሲቲ ግቢዎች አካባቢ አንድ መስመር ለብዙ በሚጋሩ ተማሪዎች ዘንድ ችግሩ ተመሳሳይ ነው። ለብቻ ሲጠቀሙበት ደህና የሚሠራ መስመር አንድ ሰው ቪዲዮ አፕሎድ ማድረግ ሲጀምር የሁሉም ጥሪ ስታክ ያደርጋል። ባለቤቱ ተጨማሪ ሜጋቢት ይገዛል። ትንሽ ይሻለውና ተመልሶ ያው ይሆናል። ገንዘቡ የሚያሳዝነኝ ለዚህ ነው። ችግሩ ብዙ ጊዜ የመስመሩ ጥበት ሳይሆን ፓኬቶች የሚቆሙበት ወረፋ ነውና። ወረፋውን ደግሞ ያለ ተጨማሪ ወርሃዊ ክፍያ ማስተካከል ይቻላል።

የሚያስፈልጋችሁ አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ የኔትወርክ ገመድ፣ የራውተሩ ፓስዎርድና ሌላ ሰው መስመሩን የማይጠቀምበት ሰዓት ነው። ለደረጃ 2 ደግሞ የራሳችሁ ራውተር ያስፈልጋል።

1. ሳትነኩ ለኩ

ላፕቶፑን በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኙ። በዋይፋይ አትለኩ፤ የዋይፋይ ተራ በኋላ ይመጣል። ዊንዶውስ ላይ ኮማንድ ፕሮምፕትን ከፍታችሁ የፒንግን (ping) ትእዛዝ ጻፉ፤ ክፍተት ተዉና 8.8.8.8 ብላችሁ ቀጥሉ። ይህ የጉግል የዲኤንኤስ ሰርቨር አድራሻ ነው፤ ዲኤንኤስ የድረ ገጽን ስም ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረው አገልግሎት ነው። ሳያቋርጥ እንዲለካ መጨረሻው ላይ ክፍተት፣ ሰረዝና «ቲ» የምትባለውን የላቲን ፊደል ጨምሩ። በሊኑክስና በማክ ይህ አያስፈልግም፤ እስክታስቆሙት ይቀጥላል።

መጀመሪያ ማንም ሳይጠቀም ለኩ። ቀጥሎ አንድ ትልቅ ፋይል አፕሎድ እያደረጋችሁ ለኩ። በመጨረሻ ዳውንሎድ እያደረጋችሁ ለኩ። ሦስቱንም ወረቀት ላይ ጻፉ።

ባዶ መስመር ላይ 40 ሚሊሰከንድ የነበረው በአፕሎድ ጊዜ 900 ከደረሰ ችግራችሁ ወረፋ ነው፤ ቀጣዮቹ ሁለት ደረጃዎች በደንብ ይረዷችኋል። መስመሩ ባዶ ሆኖም ቁጥሩ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ ወይም በየመሃሉ መልስ የማይመጣ ከሆነ ፓኬት እየጠፋ ነው፤ ለእናንተ ዋናው ነገር ከደረጃ 4 ጀምሮ ያለው ነው። ብዙ ቤት ሁለቱም አለ።

ምን ያህል ነው ጥሩ የሚባለው? ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ጥሪ የሚመክረው በአንድ አቅጣጫ እስከ 150 ሚሊሰከንድ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ሰዎች ሳያውቁት እርስ በርስ መቋረጥ ይጀምራሉ።

አንድ ነገር ከአሁኑ እንወቅ። ርቀትን የሚያሳጥር ሴቲንግ የለም። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በአንድ ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ በመንገድ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ፋይበሩ መንገዱን ይከተላል ብንል ለደርሶ መልስ ቢያንስ 5 ሚሊሰከንድ ይሄዳል። አውሮፓ ያለ ሰርቨር ጋ ለመድረስ ደግሞ ፓኬቱ እስከ ባሕር ዳርቻ ተጉዞ በባሕር ስር ገመድ ሺዎች ኪሎ ሜትሮችን ማቋረጥ አለበት። ያንን ተቀበሉት። የምንቀንሰው ከዚያ በላይ የተጨመረውን ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ከርቀቱ ይበልጣል።

2. ወረፋውን ወደ ራሳችሁ እጅ አምጡ

ከሁሉም የሚበልጠው ደረጃ ይሄ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትተዉ እንኳ ይህን አትተዉ።

አፕሎዳችሁ በሰከንድ 2 ሜጋቢት ነው እንበል። ሞደሙ (ከአገልግሎት ሰጪው መስመር ጋር የሚያገናኛችሁ መሣሪያ) ውስጥ ፓኬት የሚጠራቀምበት ቦታ 500 ኪሎባይት ይይዛል። 500 ኪሎባይት ማለት 4,000 ኪሎቢት ነው። በ2 ሜጋቢት ለማስወጣት 2 ሰከንድ ይፈጃል። አንድ ስልክ ፎቶዎቹን ወደ ጉግል መላክ ሲጀምር ያ ቦታ ይሞላል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ የድምፅ ፓኬት ሁሉ መጨረሻ ላይ ተሰልፎ 2 ሰከንድ ይጠብቃል። ማንም ምንም አላበላሸም። ፎቶውም ጥሪውም ተራቸውን ነው የጠበቁት። ጥሪ ግን 2 ሰከንድ ቆይቶ ሲደርስ ከጥቅም ውጭ ነው።

ይህ ችግር «በፈርብሎት» ይባላል። ካትሊን ኒኮልስና ቫን ጃኮብሰን በ2012 እ.ኤ.አ. ኮዴል የተባለ መፍትሔ አወጡ። ኮዴል ወረፋው ስንት ፓኬት እንደያዘ አይቆጥርም። እያንዳንዱ ፓኬት ወረፋው ውስጥ ስንት ጊዜ እንደቆየ ያያል። ቆይታው ለ100 ሚሊሰከንድ ያህል ያለማቋረጥ ከ5 ሚሊሰከንድ በላይ ከሆነ ፓኬት መጣል ይጀምራል። ላኪው ፓኬቱ መጣሉን ሲያውቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ወረፋው ያጥራል። ከዚያ የመጣው ኤፍኪው ኮዴል ደግሞ እያንዳንዱን ግንኙነት በየራሱ ወረፋ ይለያል። ስለዚህ ትንሽ የሚልከው ጥሪ ብዙ ከሚልከው አፕሎድ ኋላ አይቆምም። ኬክ የሚባለው አዲሱ ስልት በዚህ ላይ በየመሣሪያው እኩል ማካፈልን ይጨምራል። ለሎጅና ለጋራ ቤት እኔ የምመርጠው ኬክን ነው። አንድ ሰው ሃያ ዳውንሎድ ቢከፍትም የአንድ ሰው ድርሻ ብቻ ነው የሚያገኘው።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወረፋው እናንተ በምታዙት ራውተር ላይ ሲሆን ብቻ ነው። ወረፋው ሞደሙ ውስጥ ወይም ከዚያ ወዲያ ከሆነ ምንም ማድረግ አትችሉም። ስለዚህ የራሳችሁን ራውተር ከሞደሙ ኋላ አስቀምጡ። ኦፕን ደብሊውአርቲ የተባለውን ነፃ የራውተር ሶፍትዌር የሚቀበል ራውተር ወይም ማይክሮቲክ የሚባለው የራውተር ዓይነት ይሆናል። የሞደሙን ዋይፋይ አጥፉ፤ አለበለዚያ በዚያ በኩል የገባ ስልክ እናንተ ያበጃችሁትን ሁሉ ያልፈዋል።

ቀጥሎ ራውተሩ ከመስመሩ ትንሽ ዝቅ ባለ ፍጥነት እንዲልክ እዘዙት። የመስመሩን ፍጥነት በፍጥነት መለኪያ ድረ ገጽ ለኩና ከአፕሎዱ 90 በመቶውን፣ ከዳውንሎዱ 85 በመቶውን ጻፉ። ዳውንሎዱ 10 ሜጋቢት ከሆነ 8.5 ማለት ነው። «የከፈልኩበትን ለምን እቀንሳለሁ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ ይነሳል። መልሱ ቀላል ነው። መስመሩን እስከ አፉ ከሞላችሁት ወረፋው ሞደሙ ጋ ይሄዳል። ትንሽ ክፍተት ከተዋችሁለት ወረፋው እናንተ ጋ ይቀራል፤ ኬክም ሥራውን ይሠራል።

በኦፕን ደብሊውአርቲ ኤስኪውኤም የሚባለውን ፓኬጅ ጫኑ። ከዚያ የውጭውን መስመር መርጣችሁ ሁለቱን ፍጥነቶች በኪሎቢት አስገቡና ኬክን ምረጡ። በማይክሮቲክ ራውተር ኦኤስ 7 ላይ ኬክና ኤፍኪው ኮዴል በወረፋ ዓይነቶች ውስጥ አሉ፤ በሲምፕል ኪው ውስጥ ትጠቀሙባቸዋላችሁ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚያመልጠው ነገር አለ። ማይክሮቲክ ላይ ፋስትትራክ የሚባል ደንብ በፋየርዎሉ ውስጥ ይኖራል። እሱ ካልጠፋ ፓኬቶቹ ሲምፕል ኪውን ዘለው ያልፋሉ፤ ሴቲንጋችሁ ትክክል ሆኖ ሳለ ምንም ለውጥ አታዩም። በኦፕን ደብሊውአርቲም ፍሎው ኦፍሎዲንግ የሚባለውን አጥፉ።

መስመራችሁ በሞባይል ሲም የሚሠራ የ4ጂ ራውተር ከሆነ ነገሩ ይከብዳል። ፍጥነቱ ጠዋትና ማታ አይመሳሰልምና። ሁለት ምርጫ አለ። አንደኛው ሰው በሚበዛበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ፣ ለክታችሁ ያንን ዝቅተኛ ቁጥር መሠረት ማድረግ ነው። ሌላው ለኦፕን ደብሊውአርቲ የተዘጋጀውን የኬክ አውቶሬት መጠቀም ነው። እሱ መዘግየቱን ራሱ እየለካ ፍጥነቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል።

ይህን ከጨረሳችሁ በኋላ ደረጃ 1ን ድገሙ። 900 የነበረው ወደ 60 ወይም 70 ከወረደ ብዙ ቤት እዚህ ላይ ማቆም ይችላል።

3. ቀድሞ የሚያልፈውን ምረጡ፤ ግን ጥቂት ብቻ

አሮጌውን የዓባይ ድልድይ በሥራ መውጫ ሰዓት አስቡት። ግንቦት 2016 ዓ.ም. አዲሱ ሰፊ ድልድይ ሲከፈት ትልቅ እፎይታ ሆነ። አምቡላንስ ሲመጣ ግን በሰፊ ድልድይም ላይ ቢሆን ሌሎቹ መንገድ ካልለቀቁለት ይቆማል። ቅድሚያ መስጠት ማለት ይሄው ነው። ሁሉም መኪና ሳይረን ካበራ ደግሞ ሳይረን ትርጉም የለውም።

ስለዚህ ቅድሚያውን ለጥቂቶች ስጡ። የመጀመሪያው የድምፅ ጥሪ ነው። አንድ የድምፅ ጥሪ በሰከንድ ወደ 50 ፓኬት ይልካል፤ የሚፈጀውም በአብዛኛው ከ100 ኪሎቢት በታች ነው። ቢቀድም ማንንም አይጎዳም። ሁለተኛው ዲኤንኤስ ነው። በጣም ትንሽ ነው፤ ሲዘገይ ግን እያንዳንዱ ገጽ ለመከፈት ያመነታል። ሦስተኛው እንግዳ መቀበያው ላይ የሚሠራው የክፍያና የቦታ ማስያዣ ሥራ ነው። ቪዲዮ ስብሰባ ከእነዚህ በታች፣ ከተራው ትራፊክ በላይ ይቀመጥ። የስልክ ባካፕ፣ የዊንዶውስ አፕዴትና ትልልቅ ዳውንሎዶች ከሁሉም በታች ይሁኑ።

ኬክ ትራፊክን በአራት ክፍል የሚለይበት ምርጫ አለው፤ ድምፅ፣ ቪዲዮ፣ ተራና ከበስተኋላ የሚሄድ። የሚለየው ፓኬቱ ላይ በተጻፈው የዲኤስሲፒ ምልክት ነው። ለድምፅ የሚሰጠው ምልክት 46 ነው። ብዙ አፖች ግን ይህን ምልክት አይጽፉም፣ ወይም በመንገድ ላይ ይሰረዝባቸዋል። ያኔ ራውተሩ ላይ ራሳችሁ ምልክት ማድረግ ትችላላችሁ። ቀላሉ መንገድ በመሣሪያ መለየት ነው፤ የእንግዳ መቀበያው ኮምፒውተር ቋሚ አድራሻ ይኑረውና በዚያ አድራሻ ምልክት ስጡት።

ኢንተርኔት ላይ «ዩዲፒን በሙሉ አስቀድሙ» የሚል የቆየ ምክር ታገኛላችሁ (ዩዲፒ ራሱ የጠፋ ፓኬትን ድጋሚ የማይልክ የአላላክ ዘዴ ነው)። አትከተሉት። ጥሪዎች በዩዲፒ መሄዳቸው እውነት ነው። ዛሬ ግን ዩቲዩብም ክዊክ በሚባለው አሠራር በዩዲፒ፣ በ443 ቁጥር በር ይሄዳል። ዩዲፒን ሁሉ ካስቀደማችሁ ያስቀደማችሁት ዩቲዩብን ነው።

4. ፓኬት የሚጠፋበትን ቦታ ፈልጉ

አሁን ወደ ዋይፋይ። ገመዱን ንቀሉና ከምትሠሩበት ክፍል ሆናችሁ ራውተሩን ራሱን ፒንግ አድርጉ። አድራሻው ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ማይክሮቲክ ላይ 192.168.88.1። መልሱ በጥቂት ሚሊሰከንድ መምጣት አለበት። 5፣ 7፣ 180፣ 6፣ 240 እያለ ከዘለለ ችግሩ ከግቢያችሁ አልወጣም።

ዋይፋይ ፓኬት ሲጠፋበት ዝም አይልም። ተቀባዩ «ደርሶኛል» የሚል አጭር መልስ ካልላከ ያንኑ ፓኬት ደግሞ ይልካል። ይህ መልካም ነገር ነው። ሲግናሉ ደካማ ሲሆን ግን እያንዳንዱ ፓኬት ሦስትና አራት ጊዜ ይላካል፤ ያ ሁሉ ጊዜ ከሌሎቹ ስልኮች ተቀንሶ ነው። ዳር ክፍል ያለ አንድ ደካማ ስልክ የግቢውን ሁሉ ዋይፋይ የሚያዘገየው ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ቅርበት ነው። ቆርቆሮና የድንጋይ ግንብ ሲግናል ይበላሉ። ጣና ዳር ያሉ ግቢዎች ውበታቸው ዛፍ ነው፤ በክረምት የረጠበ ቅጠል ግን በተለይ የ5 ጊጋኸርዝ ሲግናልን ክፉኛ ያዳክማል። ስለዚህ ከዋናው ቤት ወደ ጎጆዎቹ በአየር ከመላክ ገመድ ዘርግታችሁ እዚያው አክሰስ ፖይንት (ዋይፋይ የሚያሰራጭ መሣሪያ) ስቀሉ። ጥሪ የሚደረግበት ቦታ ላይ ሲግናሉ ከኔጌቲቭ 67 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ባይወርድ ጥሩ ነው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ከቻናል 1፣ 6 እና 11 ውጭ አትምረጡ፤ ስፋቱንም 20 ሜጋኸርዝ አድርጉት። ደብሊውኤምኤም የሚለው ምርጫ መብራቱን አረጋግጡ። በአየሩ ላይ ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጠው እሱ ነው።

5. ድጋሚ መላክ የሚጠቅመውንና የማይጠቅመውን ለዩ

ፋይል፣ ኢሜይልና ድረ ገጽ በአብዛኛው ቲሲፒ በሚባለው የአላላክ ዘዴ ይሄዳሉ። ቲሲፒ አንድም ፓኬት ጎድሎ እንዲደርስ አይፈቅድም። የጠፋ ካለ ድጋሚ ይልካል፤ እስኪደርስም ከኋላ የመጡትን ይዞ ያስጠብቃል። ተቀባዩ አንድ ፓኬት መዝለሉን በሦስት ተደጋጋሚ መልሶች ካሳወቀ ላኪው ወዲያው ይልካል። መጨረሻው ፓኬት ከጠፋ ግን የሚያሳውቅ ላይኖር ይችላል። ያኔ ሰዓት ቆጥሮ ይጠብቃል። ሊኑክስ ላይ የጥበቃው ትንሹ 200 ሚሊሰከንድ ነው፤ ካልተሳካ እጥፍ እያደረገ ይሄዳል።

ጉዳቱን በቁጥር እንየው። ደርሶ መልሱ 150 ሚሊሰከንድ በሆነ መስመር ላይ ከመቶ ፓኬት አንዱ ቢጠፋ፣ በቆየው የቲሲፒ አሠራር አንድ ግንኙነት ከ1 ሜጋቢት ብዙም አያልፍም። መስመራችሁ 50 ሜጋቢት ቢሆንም ያው ነው። ከ10,000 አንድ ብቻ ቢጠፋ ግን ወደ 9 ሜጋቢት ይደርሳል። ለዚህ ነው ዋይፋይና ገመድ ማስተካከል ብዙ ጊዜ ፓኬጅ ከማሳደግ የሚበልጠው። የጠፋው ፓኬት እዚያው ግቢ ውስጥ በዋይፋይ ድጋሚ ቢላክ ጥቂት ሚሊሰከንድ ነው። አውሮፓ ያለው ሰርቨር እንዲልከው ከጠበቅን ሙሉ ደርሶ መልስ ነው።

ለጥሪ ግን ድጋሚ መላክ ብዙም አይረዳም። ያለፈ ቃል ዘግይቶ ቢመጣ ምን ይሠራል? የጥሪ አፖች ጎዶሎዋን በግምት ይሞላሉ፣ ወይም መጠባበቂያ መረጃ አብረው ይልካሉ። እናንተ ማድረግ ያለባችሁ ይህን አለማበላሸት ነው። ለሥራ ቪፒኤን የምትጠቀሙ ከሆነ በዩዲፒ ይሁን። ዋየርጋርድ ሁልጊዜ በዩዲፒ ነው። ኦፕንቪፒኤን ሁለቱንም ይችላል፤ ሴቲንጉን እዩት። ቪፒኤኑ በቲሲፒ ከሄደ ጥሪያችሁ ውስጥ አንድ ፓኬት ሲጠፋ ሁሉም ነገር እሱን ይጠብቃል።

በመሃል ያለ ሦስተኛ ጉዳይም አለ፤ የቀጥታ ስርጭት። የጥምቀትን በዓል ከከተማው በቀጥታ የሚያስተላልፍ ሰው ጥቂት ሰከንድ ቢዘገይ ችግር የለበትም። ምስሉ እንዳይበጣጠስ ግን ይፈልጋል። ለዚህ ኤስአርቲ ተመራጭ ነው። ኤስአርቲ የጠፋውን ድጋሚ ያስልካል፤ ግን በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ብቻ። ጊዜው ካለፈ ትቶት ይቀጥላል። የተለመደው መነሻ 120 ሚሊሰከንድ ነው፤ ለሩቅ ሰርቨር አይበቃም። ከደርሶ መልሱ ሦስት ወይም አራት እጥፍ ስጡት። ፒንጉ 150 ከሆነ 600 ጻፉ። ኦቢኤስ የተባለው የቀጥታ ስርጭት ፕሮግራም ኤስአርቲን ይደግፋል። የምትልኩትን ቢትሬት (በሰከንድ የሚላከውን መጠን) ደግሞ ከአፕሎዳችሁ ግማሽ አታሳልፉት፤ ድጋሚ ለሚላከው ቦታ መተው አለበት።

6. በውሃ ላይ የሚያልፍ ሊንክ ካላችሁ

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ አቅጣጫ ወይም ሐይቁን ተሻግሮ ወዳለ ሎጅ በአንቴና ኢንተርኔት ለማድረስ የምታስቡ ይህን አንብቡ። ውሃ የሬድዮ ሲግናልን እንደ መስታወት ያንፀባርቃል። በቀጥታ የመጣውና ከውሃው የተንፀባረቀው አንቴናው ላይ ሲገናኙ አንዳንዴ እርስ በርስ ይጠፋፋሉ። የጣና ከፍታ ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም። ከክረምት በኋላ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከፍ ይላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ዝቅ ይላል። በየካቲት ያስተካከላችሁት ሊንክ በጥቅምት ፓኬት ቢጥል አይግረማችሁ።

አንዱን አንቴና ከውሃው ጠርዝ ወደ ኋላ አድርጉት። ዳርቻው ላይ ያለ መሬት ወይም ዛፍ ቀጥታውን መስመር ሳይነካ ከውሃው የሚነሳውን ነጸብራቅ ቢከልል ትልቅ ለውጥ ታያላችሁ። የቻናሉን ስፋት አጥብቡ፤ ፍጥነት ትቀንሳላችሁ፣ እርጋታ ታገኛላችሁ።

ከዚያ የርቀት ሴቲንጉን ተመልከቱ። ከቤት ውጭ የሚሰቀሉት የሊንክ ሬድዮዎች «ደርሶኛል» የሚለውን መልስ የሚጠብቁበት ጊዜ አላቸው። ለ10 ኪሎ ሜትር የሲግናሉ ደርሶ መልስ ብቻውን 67 ማይክሮሰከንድ ገደማ ይወስዳል። ሬድዮው ከዚህ ባነሰ ርቀት ከተዘጋጀ መልሱ ሳይደርስ «ጠፍቷል» ብሎ ይደመድማል፤ በሰላም የደረሰውን ፓኬት ደጋግሞ ይልካል። ሲግናሉ ጥሩ፣ ፍጥነቱ ደካማ ከሆነ መጀመሪያ የምትፈትሹት ይህን ይሁን። ከእውነተኛው ርቀት ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ጻፉት።

7. መብራት ሲመጣ

መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የግቢው ስልክና ላፕቶፕ ሁሉ በአንድ ጊዜ ወደ ዋይፋዩ ይመለሳል። ፎቶው፣ አፕዴቱ፣ የቴሌግራም ቪዲዮው እኩል ይነሳል። ወረፋችሁ በትክክል መሥራቱ የሚፈተነው ያኔ ነው፤ ፒንግ ከፍታችሁ እዩት። ለሞደሙና ለራውተሩ ትንሽ ዩፒኤስ ብትገዙ ደግሞ ጥሪው በቀላሉ አይቋረጥም። ሁለቱ መሣሪያዎች የሚፈጁት ኃይል ጥቂት ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም በገመድ፣ በባዶ መስመር፣ ፓኬት መጥፋቱ ከቀጠለ ችግሩ ከእናንተ ውጭ ነው። የተለያዩ ቀናትን ፒንግ ከነሰዓቱ መዝግቡ። የራውተሩን፣ ከሞደሙ ቀጥሎ ያለውን የመጀመሪያ አድራሻና የ8.8.8.8ን ጎን ለጎን አስቀምጡ። ወደ አገልግሎት ሰጪያችሁ ስትሄዱ «ይቆራረጣል» ከማለት ይልቅ ያንን ወረቀት አሳዩ። ቴክኒሻኑ የትኛው ክፍል ላይ መመልከት እንዳለበት ከዚያ ያውቃል።